ኮረኮንች ላይ ለመንዳት ዶላር ከፍሎ

ኮምቦልቻ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "አሜሪካ ሄደህ መኪና አጣህ እንዴ?" ቡና ላይ ይሄ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ይሄ ነው፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ እንኳን አንዲት የእማዬ ጓደኛ እጄን ይዘው "ልጄ ኑሮ ከበደህ ወይ?" ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሳይክሉን ፈታትቼ በካርቶን ይዤ የመጣሁት ፋሲካን ከቤተሰብ ጋር እያሳለፍኩ ለሳይክል ውድድር የማደርገው ልምምድ እንዳይቋረጥ ነው፣ ይሄን ለእያንዳንዱ ሰው ማስረዳት ስለደከመኝ ነው አሁን የምጽፈው። መኪና አለኝ። ሥራም አለኝ። ሳይክል የምነዳው ወድጄ ነው።

ጓደኞቼ ደግሞ መኪናውን ካመኑ በኋላ የባሰ ጥያቄ አመጡ። ውድድሩ ጠጠር መንገድ ላይ እንደሆነና ለመግባት መቶዎች ዶላር እንደከፈልኩ ስነግራቸው አንዱ ስኒውን አስቀምጦ "ኮረኮንች ላይ ለመንዳት ብር ከፍለህ? እዚህ በነጻ አለልህ እኮ፣ አስፋልት ይሠራልን እያልን ስንት ዓመት አቤት ያልንበት" አለኝ። ሌላው ደግሞ በዛ ሰዓት ኦቨርታይም ብትሠራ ይሻልህ ነበር አለ። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ገብቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ ቀኑን ተኝቶ፣ ከሰው ጋር ሳያወራ ሳምንቱ የሚያልቅበትን ኑሮ ለማያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት ከባድ ነው። እኔን ከዛ ቤት ያወጣኝ ሳይክል ነው።

ለማታውቁት፣ ውድድሩ አንባውንድ ግራቭል ይባላል፣ ካንሳስ ውስጥ ኢምፖሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ በኛ ግንቦት ማለቂያ አካባቢ ነው የሚደረገው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጥቂት ሰው የተጀመረ ነው፣ አሁን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣበታል። 25፣ 50፣ 100፣ 200 እና 350 ማይል አለው፣ ስምህን ታስገባና በዕጣ ነው የሚወጣልህ፣ ዲቪ ሞልቶ የጠበቀ ሰው ያቺን ጭንቀት ያውቃታል። ለኔ የወጣልኝ 200 ማይሉ ነው፣ ማለትም 322 ኪሎ ሜትር። ከደሴ ተነስታችሁ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጣርማበርን፣ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ሸኖ ገደማ ስትደርሱ ነው የሚያልቀው፣ ያውም አስፋልቱን አንስታችሁ ጠጠር አልብሳችሁ አስቡት፣ ያውም በአንድ ቀን። እንደ ጣርማበር ያለ አንድ ትልቅ ዳገት የለውም፣ ግን አጫጭር ዳገት እየመጣ እየመጣ ሲደመር ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከተመደቡት ጣቢያዎች ውጭ ደግሞ የራስህን ሰው ዕርዳታ መቀበል አይቻልም፣ ጎማህ ቢተነፍስ ራስህ ነህ፣ ካቴናህ ቢበጠስ ራስህ ነህ፣ ሌሊት ስለሚገባ መብራትህንም ይዘህ ነው።

ፍሊንት ሂልስ የሚባለው ያ አገር ከሥሩ ባልጩት ነው። ድንጋዩ ማረሻ አላስገባ ስላለ ነው እስከዛሬ ሳይታረስ ረጅሙ ሳር እንዳለ የቀረው፣ ከብት ይሰማራበታል። የሳይክል ጎማ በጎኑ የሚሰነጥቀውም ይሄው ድንጋይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጭቃው ጉድ ነው፣ በ2023ቱ ውድድር ገና ከጅምሩ ሰው ሳይክሉን ተሸክሞ በእግሩ ሲሄድ ነበር፣ ልምድ ያላቸው ጭቃውን ከጎማ የሚፍቁበት ቀለም የሚማሰልበት ጠፍጣፋ እንጨት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚነዱት። ዋልካ ላይ ላደግን ሰዎች ይሄ አዲስ አይደለም፣ ዘንድሮ በልጉ ሲዘንብ ከኮምቦልቻ ወጣ ብዬ ጭቃው ውስጥ ሆን ብዬ ገብቼበታለሁ፣ የሚያዩኝ ሰዎች አብዷል ብለዋል።

ምግቡን በተመለከተ እኮራለሁ። እዚያ ሰው በላስቲክ የታሸገ ጄል የሚሉት ዝልግልግ ጣፋጭ በውድ ዋጋ እየገዛ ይመጣል፣ አንዱን በልቶ ሌላውን ይከፍታል። የሚያስፈልገው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፣ ይሄ ብዙ ነው፣ ለሆድ ይከብዳል። እኔ እማዬ ያዘጋጀችልኝን በሶ በወንፊት አጥልዬ፣ ስኳርና ጨው ጨምሬ አቀጥነዋለሁ። ስኳር ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ፍሩክቶስ ስለሆነ አንጀት ሁለቱን በተለያየ መንገድ ነው የሚወስዳቸው፣ ለዛ ነው ብዙ መቀበል የሚችለው። በሶውን ሳያጠሉ በብዛት ከጠጡት ግን ገለባው ሆድ ይነፋል፣ ይሄን ለሚሞክር ሰው ነው የምለው። በጾሙ በውሃና በስኳር ነበር፣ ከፋሲካ ወዲህ ጭኮ ተጨምሯል፣ ጭኮ በትንሽ በትንሹ ቆርጦ ኪስ ውስጥ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ሁሉ አሁን የሚያወራው እሱን ነው።

ሐምሌ ላይ ነው፣ እዚህ ክረምት ሲሆን እዚያ ፀሐይ አናት የሚበሳበት ጊዜ። ከምኖርበት ከካንሳስ ሲቲ ርቄ ወጥቼ ነበር። የካንሳስ ገጠር መንገድ በየማይሉ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ነው፣ ዛፍ የለም፣ ነፋሱ ከደቡብ ይመጣል፣ ፊትህን ሰጥተኸው ስትነዳ ያደርቅሃል። ውሃ እሞላለሁ ብዬ ያሰብኩባት መንደር ስደርስ ካርታው ላይ ያለው ሱቅ ከተዘጋ ቆይቷል፣ በሩ በጣውላ ተመትቷል። ከዛ ወዲያ በጣም ብዙ ነዳሁ። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ አንድ ነጭ የእንጨት ቤት አየሁ። ግቢው አጥር የለውም፣ ሁለት መኪና ቆሟል፣ ግድግዳው ላይ አትክልት የሚጠጣበት ጎማ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ውሃ መጠየቅ ነውር ነው ተብዬ አላደግኩም። ፊቴ እንዲታይ ሄልሜቴንም መነጽሬንም አወለቅኩ፣ ባዶውን ኮዳ ይዤ ደወሉን ተጫንኩ። ደወሉ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት አበራ፣ ለካ ካሜራ ነው። ውስጥ ሰው ሲራመድ ይሰማኛል። ከደወሉ ውስጥ የሴት ድምጽ ምን ፈለግክ አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ውሃ ብቻ ነው አልኩ፣ ኮዳውን ካሜራው ፊት ገልብጬ አሳየሁ። "ከግቢዬ ውጣ፣ ፖሊስ እየጠራሁ ነው።"

ከእግሬ ሥር የውሻ ውሃ የተሞላ ሳህን ነበር። ጥርት ያለ ውሃ፣ በረዶ ሁሉ ተጨምሮበት፣ በረዶው ገና አልሟሟም። እሱን ሳህን እስካሁን አልረሳሁትም። የኔ ዓይነት መልክ ያለው ሰው እዛ አገር ሰው በር ላይ ፖሊስ ሲጠራበት ምን ሊመጣ እንደሚችል ስለማውቅ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ ወደኋላ እየሄድኩ ከግቢው ወጣሁ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፣ ግን እንባም ውሃ ነው፣ እሱም አልነበረኝም። ፖሊስ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፣ ቆሜ አልጠበቅኩም። ውሃ ያገኘሁት ብዙ ነድቼ መቃብር ቦታ ላይ ነው፣ አበባ የሚያጠጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቧንቧ ቆሟል። ኋላ አብረውኝ የሚነዱ ሰዎች ሲነግሩኝ ይሄ የታወቀ ዘዴ ነው፣ የገጠር መቃብሮችን ካርታቸው ላይ ምልክት አድርገው ነው የሚወጡት። እኔ ይሄን ስሰማ ገረመኝ፣ እነሱን ግን ምንም አይገርማቸውም፣ ነጮቹም ቢሆኑ የማያውቁት ሰው በር አያንኳኩም ማለት ነው።

ሐቁን ለመናገር እነዚሁ ሰዎች ውድድር ሲሆን ሌላ ናቸው። የማያውቁህ ሰዎች መንገድ ዳር ወንበር ዘርግተው የላም ቃጭል እያንቃጨሉ በርታ ይሉሃል፣ የምታውቀው ሰው እንኳን እንደዛ አይጮህልህም። አንድ ገበሬ ደግሞ ማርሼ ተሰብሮ ስገፋ አይቶ ፒክአፑን አቁሞ እስከ መኪናዬ አድርሶኛል፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ከብቶቹ ሲነግረኝ። ደግነቱ አለ፣ በር ላይ ግን የለም።

ይሄን ለእማዬ ስነግራት ቡናውን ከረከቦት አንስታ ስትቀዳ ነበር፣ እጇ ቆመ። "ውሃ?" አዎ። "የሚጠጣ ውሃ?" አዎ እማዬ። "ከፍለህስ?" አልደረስንም እዛ። ከዛ በኋላ ቡናውንም ረሳችው። ማታውን ጎረቤት ሰማ፣ በማግስቱ ጀማው ሁሉ ሰማ፣ የሰፈራችን ሐጂ መንገድ ላይ አስቁመው "አንተ ልጅ፣ ወላሂ ውሃ ከከለከለ ሰው ጋር ምን ያኖርሃል?" ብለው ተቆጡኝ፣ እኔ እንደከለከልኩ። አሁን ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ የማላውቃቸው ሰዎች በሃይላንድ ውሃ ይዘው ይቆማሉ፣ ልጆች እየሮጡ "ውሃ! ውሃ!" ይላሉ፣ አንዲት እናት ጀሪካን ይዘው ራሴ ላይ ላፍስልህ ብለው ተለማምጠውኛል፣ እስላም ይሁኑ ክርስቲያን አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ግን የኛም ነገር ልምምድ አያሠራም፣ ይነገር። አንድ ቤት ውሃ ጠጥተህ አትወጣም፣ ቡና ይፈላል፣ እስከ በረካ ካልጠጣህ ቅያሜ ነው፣ እንጀራ ይቀርባል፣ ፕሮግራሜ ሳትቆም አራት ሰዓት ንዳ ይላል፣ እኔ ሁለቱን ሰዓት ሰው ቤት ተቀምጬ ነው። ጎረምሶች ከኋላ ኮርቻዬን ይዘው ይጎተታሉ። የባሱት ደግሞ ሾፌሮች ናቸው፣ ሲኖ ትራክ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ክርኔን እየታከከ ሲያልፈኝ ስንት ጊዜ ጸሎቴን አድርሻለሁ፣ እባካችሁ ትንሽ ራቅ በሉ፣ ሳይክል ላይ ያለውም የሰው ልጅ ነው። ከከተማ ብዙም አልርቅም፣ ጊዜው የታወቀ ነው። ቢሆንም ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ደሴ 2,500 አካባቢ መውጣት በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ የትም የማይገኝ ልምምድ ነው፣ ካንሳስ ላይ ይሄን የሚያህል አንድ ዳገት የለም። ከፍታ ላይ ሳምንታት ሲቆዩ ቀይ የደም ሴል ይጨምራል፣ ነጮቹ ለዛ ብለው ተራራ ላይ ቤት ይከራያሉ፣ እኔ እማዬ ቤት ነው ያለሁት።

ሌላ የምነግራችሁ አንድ ጎሚስታ ልጅ አለ። አውሮፕላን ላይ ቸርኬዬ ተጣሞ ነበር የደረሰው። እዚያ የምሄድበት ሱቅ ለዚህ ዓይነት ሥራ ሳምንታት ጠብቅ ይላል፣ ይሄ ልጅ ሳይክሉን ገልብጦ፣ ቸርኬውን እያሽከረከረ ጠመኔ አስጠግቶ የሚነካውን ቦታ እያመለከተ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየመታ ድምጻቸውን እያዳመጠ አጠበቀና አላላ፣ ሻይ ሳልጨርስ ቀጥ አደረገው። የውስጥ ጎማ የሌለው መሆኑን ሲያይ፣ ቀዳዳ ሲመጣ ራሱ የሚደፍነው ነጭ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ሲያይ፣ አሥር ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ሲደርቅ በስንት ወር ይቀየራል ብሎ ሁሉ ጠየቀኝ። ከዛ ድምጹን ዝቅ አድርጎ በባቲ በኩል ወጥቶ በጅቡቲ፣ በባህሩ፣ ሳውዲ ሊሄድ ጓደኞቹ እንደጨረሱለት ነገረኝ።

ስሙኝ፣ ወንድሞቼም እህቶቼም። በዛ መንገድ አትሂዱ። ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ በረሃው ላይ ውሃ የጠየቁ ልጆች ምን እንደደረሰባቸው ከኔ የተሻለ ወሎ ያውቀዋል፣ ለቅሶ ያልተቀመጥንበት ሰፈር የለም። ዕድል ወጥቶላችሁ በሕጋዊ የምትሄዱ ደግሞ የእጅ ሙያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ይሄ ልጅ የሚሠራው ሥራ እዚያ በሰዓት ነው የሚከፈለው፣ ጥሩ ይከፈላል፣ እንግሊዝኛውን ከመሣሪያዎቹ ስም ጀምሮ አሁኑኑ ይማር። ዲግሪ ይዤ ነው የምሄድ የምትሉም ያዙ፣ ግን መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያነሳችሁ የምትጀምሩበት ጊዜ እንዳለ ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ያኔ ብር ላክ የሚለው ስልክ ትንሽ ይቀንሳል። ጎረቤት ማለት እዚያ ግድግዳ የሚጋራህ ሰው ነው፣ ስትታመም አይመጣም፣ ስለዚህ ከሄዳችሁ በኋላ ቶሎ ማኅበር ፈልጉ፣ ዕድር ግቡ፣ አብሯችሁ የሚሮጥ ወይ የሚነዳ ሰው ያዙ፣ ገንዘብ ከመላክ እኩል ነው የምለው። ልጁ ስልኬን ወስዷል፣ እስካሁን አልሄደም፣ ትናንት ደውሎ ስለ ጎማው ፈሳሽ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ። የሚቀረኝ አንድ ረጅም ልምምድ ነው፣ ከዛ ጎማውን ጎኑ ወፍራም በሆነው እቀይራለሁ፣ ውሃም በጀርባ የሚታዘል ሁለት ሊትር እጨምራለሁ። ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ። እስከዛው የእማዬ ስልክ ያላችሁ ዘመዶች እባካችሁ፣ የውድድሩ ቀን "ደወልንለት አያነሳም" እያላችሁ አታስደንግጧት፣ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት መንገድ ላይ ነኝ፣ ሞገድ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው፣ ስልክ ካላነሳሁ እየነዳሁ ነው በሏት።