ጄሉ ላይ ያየሁት ጭጋግ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጄሌን፣ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው የሚለየውን ዝልግልግ ንጣፍ፣ ስወቅስ ከረምኩ። የምፈልገው ኤንካም የሚባለውን ፕሮቲን ነበር። የነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ተተክሎ፣ ስኳር ተሸክሞ የሚኖር ግላይኮፕሮቲን ነው። የአንዱ ሴል ኤንካም የጎረቤቱን ኤንካም ሲይዝ ሴሎቹ ይያያዛሉ። የጄራልድ ኤደልማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኘው ከጫጩት ሽል ነው። እኔም የጀመርኩት ከጫጩት ሽል አንጎል ነበር።

ስለ ኤንካም የተጻፈውን ያነበበ ሰው በ120፣ በ140 እና በ180 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አካባቢ መስመሮችን ይጠብቃል። የእኔ ዌስተርን ብሎት (በጄል የተለየን ፕሮቲን፣ እሱን ብቻ በሚይዝ አንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ላይ ግን መስመር የሚባል ነገር የለም። ከ200 ጀምሮ ወደ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ጭጋግ ብቻ። ናሙናውን ያበዛሁት መሰለኝና ቀነስኩ። ጭጋጉ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ጄሉን ቀየርኩ፣ ማጠቢያውን እንደ አዲስ አዘጋጀሁ፣ አንቲቦዲውን አቀጠንኩ። ያው ጭጋግ።

አንድ ቀን የላቦራቶሪያችን አንጋፋ ባለሙያ ከኋላዬ ቆመው ውጤቱን አዩት።

«ማርከርሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ማርከሩ ክብደታቸው የታወቀ ፕሮቲኖች ናቸው፤ መስመሮቹ እንደ ምላጭ የቀጠኑ ናቸው።

«አክቲኑስ?»

አክቲን በየሴሉ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ እሱም ጥርት ያለ።

«ታዲያ ጄሉ ምን አጠፋ?» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ያን ማታ ስለ ስኳሩ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በሽል ዘመን ኤንካም ሳያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር ረጅም ሰንሰለት ይሸከማል። ሰንሰለቱ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ውሃ ይስባል፣ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ጎረቤት ሴሎችን ትንሽ ያራርቃል። አንጎል ገና ሲሠራ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሴሉ መጓዝ፣ አክሰኑም (ከነርቭ ሴሉ የሚወጣው ረጅም ክር) መንገዱን መፈለግ አለበት። ተጣብቆ የቀረ ሴል የትም አይደርስም። የሰንሰለቱ ርዝመት ታዲያ ከሞለኪውል ሞለኪውል ይለያያል። ክብደቱ የተለያየ ሞለኪውል ደግሞ አንድ መስመር ላይ አይቆምም። ጭጋጉ ራሱ ስኳሩ ነበር!

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኤንዶ ኤን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ይህን ሰንሰለት ብቻ እየመረጠ ይቆርጣል። የተገኘው ባክቴሪያ ከሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ባክቴሪያው ይህንኑ ስኳር እንደ ካባ ይለብሳል። (የማጅራት ገትር ቢ ባክቴሪያም ካባው ያው ነው። ሰውነታችን የራሱ ስኳር ስለሚመስለው አጥብቆ አይዋጋውም፤ በካባው ክትባት መሥራት ያስቸገረውም ለዚህ ነው።) አንዱን ናሙና ለሁለት ከፈልኩት። ለአንዱ ኢንዛይሙን ጨመርኩ፣ ለሌላው አልጨመርኩም፤ ሁለቱንም 37 ዲግሪ ላይ አቆየኋቸው። ጎን ለጎን ሳስኬዳቸው ኢንዛይም ያላገኘው ያው ጭጋግ ሆነ። ያገኘው ግን ተሰብስቦ 180 እና 140 ላይ ቁጭ አለ። እልል ማለት ዳዳኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለ ኢንዛይም ጥንድ ብሎት አልሠራም። ናሙናውንም ከአሲድ እጠብቃለሁ፤ ሰንሰለቱ አሲድ ውስጥ ቶሎ ይበጣጠሳል።

ወደ ሕያው ሴል ስሻገር ሌላ ስህተት ጠበቀኝ። ከሽሉ አከርካሪ ጎን ያሉትን የስሜት ነርቭ ጉብታዎች ፕሮቲን በሚቆርጠው ኢንዛይም፣ በትሪፕሲን፣ በትኜ ወዲያው ኤንካምን የሚያበራ ቀለም አስነካኋቸው። ማይክሮስኮፑ ስር ጨለማ። እነዚህ ሴሎች ኤንካም የላቸውም ብዬ ልጽፍ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ለካስ ትሪፕሲን የሽፋኑን ፕሮቲን መላጨቱ ነው። ላሚኒን የሚባል ሴል የሚጣበቅበት ፕሮቲን በተቀባ ሳህን ላይ፣ የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ሰጥቼ አሳደርኳቸውና መልሰው አበቀሉት።

ደግሞ ትራይተን የሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካል አለ። ሽፋኑን ስለሚበሳ ሴሉ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለው ኤንካም ሁሉ ያበራል። እኔ የምፈልገው ደጅ ያለውን ነው። ስለዚህ ሴሎቹ በሕይወት እያሉ በረዶ ላይ አንቲቦዲውን እሰጣለሁ፣ አጥቤ ከዚያ በኋላ ፊክስ አደርጋለሁ፤ ማለት ሴሉን በኬሚካል ባለበት አስቀራለሁ። በረዶው ሴሉ አንቲቦዲውን ወደ ውስጥ እንዳይውጠው ይይዘዋል። እንዲህ ስሠራ የአክሰኑ ጫፍ ጣቶቹን እንደዘረጋ እጅ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ አብርቶ ታየኝ። የስፔኑ የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1890 በጫጩት ሽል ውስጥ ያየው ይኸው ጫፍ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ከሽል እስከ አዋቂ ዶሮ ያለውን አንጎል በዕድሜ ደርድሬ አንድ ጄል ላይ አስኬድኩ። ለዚህ አንድ ጊዜ ደንቤን ትቼ ኢንዛይም የሚባል አልነካሁም። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ጭጋጉ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። አዋቂው ጋ ስደርስ መስመሮቹ በራሳቸው ወጡ።