ዘጠነኛዋ ጥያቄ

በወሎ ከሚገኙት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንዱ የተማሪዎችን የአእምሮ ጤናና የምክር አገልግሎት እንድመራ ስመደብ የተረከብሁት አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና ከሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ቢሮ ጋር የምንጋራው አንድ ግድግዳ ነበር። በዚያ ኮሪደር የታየ ተማሪ ሁሉ «ምን አጥፍቶ ነው?» መባሉ ስለማይቀር፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር በራሳቸው እግር የመጡልኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የበላዬ የነበሩት ኃላፊ በግማሽ ዓመቱ ግምገማ ይህንኑ አንሥተው «ተማሪ ካልመጣ ችግር የለም ማለት ነው» አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ልጆች ከተማሪዎቻችን መካከል እንዳሉ እርሳቸውም አይስቱትም፤ ነገር ግን በግምገማ ላይ አለ የሚባለው በሠንጠረዥ የገባው ብቻ ነው።

እኔም ሠንጠረዥ ላቀርብላቸው ቆርጬ ተነሣሁ። የመረጥሁት ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለውን የድባቴ መለያ መጠይቅ ነው፦ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ፣ ድምሩ እስከ 27፤ 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ቀርቦ ይታያል። የአማርኛው ቅጂ በአዲስ አበባ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ መፈተሹን በኩራት አስረዳሁ። ሐኪም ፍለጋ ወረፋ የያዘ ታካሚና በአዳራሽ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ የተቀመጠ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አንድ አለመሆናቸው ግን በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ዘጠነኛዋ ጥያቄ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶ እንደ ሆነ የምትጠይቅ ናት። እርሷ ላይ ከዜሮ ሌላ ያከበበ ሰው በዚያው ዕለት ሊፈለግና ሊነጋገሩት ይገባል፤ ለመልሱ ያልተዘጋጀ ባይጠይቅ ይሻለዋል። ስለዚህ በቅጹ ራስጌ ላይ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የመኝታ ክፍል ቁጥር እንዲጻፍ አደረግሁ። ምክንያቴ ትክክል እንደ ነበረ ዛሬም አምናለሁ።

በዘጠነኛዋ ጥያቄ ላይ ሁሉም ዜሮ አከበቡ። ኃላፊው እጅግ ተደሰቱ። «የተማሪዎቻችን የአእምሮ ጤና አስተማማኝ ደረጃ ላይ ይገኛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእኔው ፊርማ ወደ ላይ ተላከ፤ ተስፋ ያደረግሁት የሁለተኛ አማካሪ መደብም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ማታ፣ ሁላችንም እታለም እያልን የምንጠራቸው የሴቶች መኝታ ክፍል ፕሮክተር ስልክ ደውለው አስጠሩኝ።

«መምህር፣ ይህችን ልጅ ጨጓራ ነው እያሉ ክሊኒኩ ሦስት ጊዜ ኪኒን ሰጥቶ መለሳት» አሉኝ በር ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ብርድ ልብሷንና ጫማዋን ግን ለጓደኞቿ አድላለች፤ አያስፈልገኝም ነው የምትለው። በዚህ ብርድ! ጨጓራ ብርድ ልብስ ያሰጣል እንዴ?»

ልጅቷ ውስጥ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እኔ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ከቦርሳዬ የቅጾቹን ጥራዝ አውጥቶ የእርሷን መፈለግ ነው። ዘጠኝ ዜሮዎች፣ ሁሉም በጥንቃቄ የተከበቡ። ከዚያም እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ የሚያሳፍረኝን ቃል ተናገርሁ፦ «ቅጹ ላይ ግን ምንም የለባትም።»

እታለም ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ አንቱታውንም በዚያው ተዉት።

«ልጄ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ስሟን ጠየቅሃት። ሰው በአቦል ስለ ዝናቡ፣ በቶና ስለ ጎረቤቱ ያወራል፤ የሆዱን የሚያወጣ ሲበዛ በበረካ ነው። አንተ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበህ፣ ስምሽን ጻፊ ብለህ፣ አስከትለህ ሞት አምሮሻል ወይ ትላታለህ። ማን አዎ ይበልህ?»

«ስም ከሌለው እንዴት አድርጌ አገኛታለሁ?»

«እኔ ከወረቀት ነው እንዴ ያገኘኋት?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። በስንት ሕንፃ ስንት እታለም እንዳሉን ባውቅ ኖሮ ምናልባት እከራከራቸው ነበር።

በረካው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ልጅቷን በቀጥታ ጠየቅኋት፤ በቀጥታ መጠየቅ የሌለ ሐሳብ እንደማይዘራ በሙያችን የታወቀ ነው። መለሰችልኝ። ስለ ዜሮዎቹ ሳነሣባት ያለችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ስሜ ነበረበት።» በዚያችው ሌሊት ከእታለም ጋር ሆነን ሆስፒታል አደረስናት። ቤተሰቦቿ መጥተው በራሳቸው እምነት ወግ ሊያስጸልዩላት ሲፈልጉ፣ መድኃኒቱና ክትትሉ እስካልተቋረጠ ድረስ ጎን ለጎን እንዲሄድ ተስማማን። የቀረው የእርሷ ታሪክ ነው፤ ትምህርቷን መቀጠሏን ብቻ ልናገር።

ከዚያ ወዲህ ቅጹ በአዳራሽ አይሞላም፤ ተማሪው ለብቻው ሆኖ ይሞላዋል፤ ስሙ ግን አሁንም ይጻፋል። ለፕሮክተሮች ሥልጠና ሰጠን። ለየሕንፃው ቡና፣ ስኳርና ከሰል ብጠይቅ ግዥ ክፍል «በምክር አገልግሎት ዝርዝር ውስጥ የለም» ብሎ መለሰው፤ ከኪሴ እገዛለሁ። ኃላፊው ዛሬ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ናቸው፤ በአንድ ዐውደ ጥናት ላይ የፕሮክተሮችን ሚና አስመልክተው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ የብርድ ልብሱን ነገር ሳይቀር እንደ ራሳቸው ገጠመኝ አቀረቡት። ጥሩ ንግግር ነበር።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ፕሮክተሮች ያሳሰበቻቸውን ተማሪ ወደ እኛ የሚልኩበት አጭር ቅጽ አዘጋጅቼ አደልሁ። የእታለም ቅጽ ቀኑ፣ የታየው ምልክትና የተደረገው እርዳታ በሚገባ ተሞልቶ ተመለሰልኝ፤ የላኪው ስም የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶ ነው። ይዤው ሄጄ ምነው ብላቸው ሳቁና ስኒ አቀረቡልኝ።

«ተቀመጥ፣ ገና አቦል ነው።»