7650ን ሳሳድድ

«አጎቴ፣ እናንተ ልጅ እያላችሁ ጌም ነበር እንዴ?» አለችኝ የእህቴ ልጅ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንደ ጥንት ሰው መቆጠሬ ትንሽ ቆጠቆጠኝ። «እኔ ሳልወለድም ነበር» አልኳትና ላፕቶፔን ከፍቼ ዶንኪ ኮንግን ፈለግኩላት። ዛሬ ምንም ማውረድ አያስፈልግም፣ እዚያው ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል።

ተከፈተም። የቀኙን ቀስት ተጫንኩ፣ ምንም የለም። የታቹን ስጫን ገጹ ራሱ ወደ ታች ወረደ። ለካ መጀመሪያ ስዕሉ ላይ ክሊክ ካላደረጉ ቁልፎቹ የሚያዙት ገጹን ነው። ድምፁም ያኔ ነው የመጣው። ቀጥሎ ሳንቲም መክተት ነበረብኝ። አዎ፣ ሳንቲም። ኪቦርዱ ላይ 5 ቁጥር ሳንቲም ናት፣ 1 ቁጥር ደግሞ ማስጀመሪያ። ምክንያቱም ይሄ እንደ አዲስ የተሠራ ጌም አይደለም። ኢሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም የድሮውን ማሽን፣ 3 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሮጠውን ዜድ 80 ፕሮሰሰር ጭምር፣ ያስመስላል። ጌሙ ግን አልነቃም፤ አሁንም በሳንቲም ከሚሠራው የድሮ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሳንቲም የሚጠብቅ ይመስለዋል።

የጌሙ አወላለድ ራሱ ደስ ይለኛል። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኔንቲዶ ሬዳር ስኮፕ የሚባል ጌም 3000 ሳጥን ወደ አሜሪካ ልኮ 2000 ያህሉ ሳይሸጥ ቀረ። ሺጌሩ ሚያሞቶ የሚባል ወጣት ሠራተኛ እነዚያው ሳጥኖች ውስጥ የሚገባ አዲስ ጌም ፍጠር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዶንኪ ኮንግ ወጣ። ጎሪላ የሚለቅበትን በርሜል እየዘለለ መሰላል የሚወጣው ሰውዬ ያኔ ጃምፕማን ነበር። ማሪዮ የተባለው በኋላ ነው፣ በመጋዘን አከራያቸው ስም። አከራይ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

ስክሪኑ አናት ላይ 7650 የሚል ቁጥር አለ። ማሽኑ ከነሪከርዱ ነው የተሠራው። እኔ መጀመሪያ ያመጣሁት 300 ነው። አንድ በርሜል መዝለል 100 ነጥብ ስለሆነ ሦስት በርሜል ዘልዬ ሞቻለሁ ማለት ነው። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «ይሄን ጌም እኮ ማንም አይጨርሰውም!» አልኳት ክብሬን ላድን። ውሸት አይደለም። ጌሙ ውስጥ ወደ ታች የሚቆጥር ቦነስ አለ፣ ሰዓቱም እሱ ነው። ማሽኑ ለዚህ ቦነስ የደረጃውን ቁጥር ከ4 ጋር ደምሮ በ10 ያባዛል፣ እያንዳንዷም 100 ነጥብ ናት። 22ኛው ደረጃ ላይ 260 ይመጣል፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን ከ255 በላይ አይዝም። ዞሮ 4 ይሆንና 400 ቦነስ ብቻ ይሰጣል። መሰላሉን ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፣ ሰውዬው ይሞታል። «አንተ ግን አንደኛው ላይ ነው የሞትከው» አለችኝ።

እሷ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እኔ ግን ቀጠልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ።

መጀመሪያ ጥፋቱን ሁሉ በኪቦርዱ ላደርግ ሞከርኩ። ግማሹ እውነት ነበር። ዝላዩ የግራው ኮንትሮል ቁልፍ ላይ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ኮንትሮልና ቀስት አንድ ላይ ከተነኩ ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ይዘላል። በርሜሉ ሲመጣ ወደ ቀኝ እዘላለሁ ስል የቢሮ ኢሜይሌ ፊቴ ድቅን ይላል። ስመለስ ሰውዬው ተጋድሟል። የታብን ቁልፍ ስጫን የኢሙሌተሩ ማስተካከያ እንደሚከፈት ያወቅኩት በአራተኛው ቀን ነው፤ ዝላዩን ወደ ስፔስ ቀየርኩት። ብራውዘሩ ላይ ሠላሳ ምናምን ክፍት ገጽ ዘጋሁ፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጠፋሁ። ድምፁ መቆራረጡን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ማመካኛ አለቀብኝ። አሁንም እሞታለሁ።

ይሄ ሰውዬ አንዴ ከዘለለ አየር ላይ ሐሳቡን መቀየር አይችልም። ከቁመቱ በላይ ከወደቀም ይሞታል። እኔ ደግሞ ጣቴ ሁልጊዜ የቀኙ ቀስት ላይ ነው። በርሜል ሳይ ወደሱ እሮጣለሁ። መሰላሉ ጋ ስደርስ ቀኙን ሳልለቅ ላዩን እጫናለሁ፣ አልፎት ይሄዳል። ሞት።

በጣም የሸወደኝ ግን መዶሻው ነው። መዶሻ ሲያዩ ማን ያልፋል? በርሜል ሲሰብሩበት 300፣ ቢቀናችሁ 800 ይሰጣል። ነገር ግን መዶሻ ይዞ መዝለል የለም፣ መሰላል መውጣትም የለም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ እኔ ታች ሆኜ እንደ ባለሥልጣን እንጎራደዳለሁ። አንዴ ልክ በርሜሉ ፊቴ ሲደርስ መዶሻው አለቀ። ባዶ እጄን ቆሜ ተገጨሁ።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣች። ከጎኔ ተቀምጣ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «አጎቴ፣ ቁም!» ብላ ጮኸች። ደንግጬ ጣቴን አነሳሁ። ሰውዬው ቆመ። በርሜሉ ራሱ ተንከባሎ መጣ፣ በቆመበት ሽቅብ ዘለልኩ፣ በእግሬ ሥር አለፈ። «ይኸው! ለምን ትሄድበታለህ?»

በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ስክሪን አለፍኩ። መሰላል ከመውጣቴ በፊት ከላዩ በርሜል አለ ወይ ብዬ ቀና እላለሁ። መዶሻውን ተውኩት። የአንደኛው ደረጃ የመጨረሻ ስክሪን ላይ ቡሎን የሚመስሉ 8 ቢጫ ነገሮች አሉ፤ ሲረግጧቸው ይነቀላሉ፣ ቦታው ክፍተት ይሆናል። እዚያ የሚያሳድዱኝ የእሳት ኳሶች ክፍተቱን መሻገር አይችሉም። ስለዚህ ከሚያሳድደኝ ኳስ ፊት ቡሎኑን ነቅዬ ማዶ ሆኜ አየዋለሁ። ስምንተኛው ሲነቀል ጎሪላው በአናቱ ተተከለ። ቦነሱ ሲደመር 8400።

ፎቶ ሳላነሳ መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑም ባትሪውን ጨርሶ ኖሯል። ስከፍተው አናቱ ላይ 7650 ቁጭ ብሏል። የድሮው ማሽንም ሲጠፋ ሪከርዱን ይረሳ ነበር፣ ይሄ አልገረመኝም። ያናደደኝ ብቸኛዋ ምስክሬ ናት። እናቷ «ስንት አመጣ?» ብላ ስትጠይቃት ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ሦስት መቶ» አለቻት።