የናጋሳኪ ዳገትና ከላይ የቀሩት ሰዎች

ጃፓን ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ፈጣኑ ባቡር ነው። እኔ የምኖርበት የናጋሳኪ ሰፈር ግን መኪና እንኳ አይገባበትም። ታክሲው ዋናው መንገድ ላይ ያወርድሃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደረጃ ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ፣ መሀሉ ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት፣ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ቆሞ ሌላውን የሚያሳልፍበት ጠባብ ደረጃ። የጋዝ ሲሊንደር በሰው ትከሻ ይወጣል፣ ፍሪጅም እንደዚያው። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ከረጢቶቹን በመረብ ጠቅልለው በፕላስቲክ መንሸራተቻ ላይ እየጎተቱ ሲያወርዱ ቆሜ ሳላይ አላልፍም። የሚያስደንቅ ጉልበትና ጥንቃቄ ነው።

ሽሮ ሜዳ ላደገ ሰው ዳገት ብርቅ አይደለም። እዚህ የሚከብደው ወበቁ ነው። ባሕሩ እግርህ ሥር ስለሆነ በነሐሴ አየሩ ራሱ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፤ ቤት ሳይደረስ ሸሚዝ ገላ ላይ ይለጠፋል።

ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ አንዲት እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው ከዋዜማው ጀምሮ ያስባሉ። ሲወርዱ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ካቡ አዙረው፣ በጎን በኩል አንድ እግር ያወርዱና ሌላውን ያስከትላሉ። ቦርሳቸውን ልያዝልዎ ብላቸው እሺ ይላሉ፤ እጄን ግን አይፈልጉም፤ ብረቱን ነው የሚያምኑት።

ይህን ዳገት መጥላት ያቃተኝ ከእሳቸው የተነሣ ነው። ከጀርባችን ያለው የኮምፒራ ተራራ 366 ሜትር ከፍታ አለው። ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ አቶሚክ ቦምቡ የፈነዳው ከተራራው ወዲያ፣ በኡራካሚ ሸለቆ ላይ ነው። ጎረቤቴ ያኔ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃን ነበሩ። መስኮቱ ረግፎ፣ የጣሪያው ሸክላ ተነቃቅሎ፣ ቤታቸው ግን እንደቆመ ቀረ። ተራራው ከለላቸው። ወዲያ ማዶ የነበሩት አክስታቸው አልተገኙም። በናጋሳኪ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ 74 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል።

የምማርበት የናጋሳኪ ዩኒቨርሲቲ የሐሩር አካባቢ ሕክምና ተቋም የሚገኘው በዚያው ማዶ፣ ሳካሞቶ በሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት ከተረፈው ወገን ወርጄ በትራም ወደ ተቃጠለው ወገን እሄዳለሁ። ከተቋሙ አጠገብ የሳንኖ መቅደስ የድንጋይ በር አለ፤ ፍንዳታው ግማሹን ወስዶት በአንድ እግሩ ቆሟል። ኡራካሚ የካቶሊኮች ሰፈር ነበር፤ አባቶቻቸው ክርስትና በተከለከለባቸው ከሁለት መቶ በላይ ዓመታት እምነታቸውን በድብቅ ያቆዩ ናቸው። ያን ዕለት ካቴድራሉ ውስጥ ለእመቤታችን የዕርገት በዓል ንስሐ ሊገቡ የመጡ ምእመናን ነበሩ። ከሁለት ካህናት ጋር አለቁ። እኔ ፍልሰታን ስጾም በዚያ መንገድ ሳልፍ እነሱን አስባለሁ። እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የለም፤ ከኡራካሚ ምእመናን ጋር ግን በዚያ ሳምንት አንድ ደጅ የጠናን ያህል ይሰማኛል።

ያተረፈው ዳገት አሁን ሰዎቹን ቤት እያስቀራቸው ነው። ወጣቱ ወደ ፉኩኦካና ወደ ቶኪዮ ይሄዳል። ከእኛ ደረጃ ላይ ብዙ ቤቶች ተዘግተዋል፤ የአንዱን በር ሐረግ ሸፍኖታል፤ የፖስታ ሣጥኑም በፕላስተር ታሽጓል። የጎረቤቴ ልጅ እናቱን ፉኩኦካ ልውሰድዎ ይላቸዋል። «መቃብሩን ማን ያጥባል?» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። መቃብሩ ከቤቶቹም በላይ ነው፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ስም በወርቅ ቀለም የተሞላ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት አጋማሽ፣ ሙታን በሚታሰቡበት በኦቦን ሰሞን፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይወጣል። አምና ውሃውንና አበባውን እኔ ተሸከምኩ፤ እሳቸው ብረቱን ይዘው ቀስ እያሉ ደረሱ። ናጋሳኪ ላይ መቃብር ዳር ርችት መተኮስ ወግ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው እየተኮሱ ሲጯጯሁ ተራራው በሙሉ ያስተጋባ ነበር።

ከተማው መፍትሔ አጥቶ አይደለም። ጎብኚ በሚበዛበት በግላቨር አካባቢ ተዳፋቱን ተከትሎ የሚወጣ አሳንሰር አለ። እንደ ቴንጂን ማቺ ባሉ ጥቂት የመኖሪያ ሰፈሮችም ነዋሪውን በሐዲድ ላይ የምታወጣና የምታወርድ ትንሽ ተሽከርካሪ ተሠርታለች። የእኛ ደረጃ ላይ የለችም። ጎረቤቴ ገና መውረድ ሳያቅታቸው እንድትመጣልን እመኛለሁ፤ ለሰፈሩ ማኅበር የሚገባ ማመልከቻ ሲዞርም ስሜን ጽፌ ፈርሜያለሁ።