ባዶ ክኒን ለማን ይሠራል?

ፕላሲቦ፣ ማለትም ውስጡ መድኃኒት የሌለው ባዶ ክኒን፣ ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው ያሉትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው። ዱቄት ጠቅልለህ "መድኃኒት ነው" ስትለው ተነስቶ የሚሄድ ዓይነት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ቆሜ የምውል ሰው ነኝና ይህቺ ነገር አትዋጥልኝም።

ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ ግማሹ ደሴ እያሳለ ወደኛ ይመጣል። ከደንበኞቼ መካከል ሰኞ ገበያ የሚነግዱ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ብሰጣቸው ማሸጊያውን ገለባብጠው አዩና "ይሄን አይደለም፣ የጀርመኑን አምጣ" አሉኝ።

"እማማ፣ ውስጡ ያለው እኮ አንድ ነው።"

"አንድ ከሆነ ዋጋውን ምን አለያየው?"

እኚህ ሴትዮ የዋህ ናቸው የሚል ካለ ሄዶ ከሳቸው በርበሬ ይግዛ።

የሚገርመው ግን የጀርመኑ የምር ይሻላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ለሁለት ቡድን ያንኑ ባዶ ክኒን ሰጡና ለአንዱ "ዋጋው 2.50 ዶላር ነው"፣ ለሌላው "ወደ 10 ሳንቲም ቀንሷል" አሏቸው። ከዚያ እጃቸውን በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። ሕመሙ ቀለለን ያሉት፣ ውድ ነው ከተባሉት 85 በመቶ፣ ርካሽ ነው ከተባሉት 61 በመቶ።

ስለመሰላቸው ነው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርስ ከተነቀሉ ሰዎች መካከል ባዶው መድኃኒት ላስታገሰላቸው ናሎክሶን ሲሰጧቸው ሕመሙ ባሰባቸው። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ሞርፊን ደግሞ ማንም አልሰጣቸውም። የገዛ አንጎላቸው ነበር የራሱን ማስታገሻ ሲያመነጭ የቆየው።

ታዲያ የማን አንጎል ነው እንዲህ ቸር የሚሆነው? የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ጤነኛ ፈቃደኞችን እንዲያማቸው መንጋጋቸው ላይ ጨዋማ ውሃ እየወጉ፣ ባዶ ማስታገሻ እየሰጡ አንጎላቸውን በምስል አዩ። እኔ ያሸንፋል ብዬ የምገምተው ፈሪውና የሚያስጨንቀው የበዛ ሰው ነበር። ያሸነፉት ግን ቀጥተኛ የሆኑ፣ ለሰው የሚያዝኑ፣ ቢወድቁም ቶሎ የሚነሱ፣ ቁጣና ቂም የማያበዙ ሰዎች ናቸው። በመጠኑ ደህና ሽማግሌ የሚወጣው ሰው ማለት ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን "ጠባይህን አሳምር" ብለን እንለያይ ነበር። ለኔ ትልቁ ነገር የመጣው ከሃርቫርድ ሰዎች ነው። ሆዳቸውን ሁሌ የሚያውካቸውን 262 ሕመምተኞች ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ወረፋ ብቻ ጠበቀ። ሁለተኛው ቆዳ የማይበሳ የውሸት አኩፓንቸር (እውነተኛው ቀጫጭን መርፌ እየሰኩ የሚያክሙበት ነው) ብዙም በማያናግር ባለሙያ ተደረገለት። ሦስተኛውም ያው የውሸት አኩፓንቸር፣ ግን ባለሙያው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ አይዞህ ይላል። በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት 28፣ 44 እና 62 በመቶ ነበሩ። በኋላ ጠባያቸውን ሲያዩት ተግባቢዎቹና ልባቸው ክፍት የሆኑት የበለጠ ተሽሏቸዋል፤ ያውም ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ብቻ! ዝም ካላቸው ባለሙያ ጋር ተግባቢነታቸው ምንም አልፈየደላቸውም። ሕመምተኛው ቀና ብሎ የሚያየው ባለሙያ አጥቶ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲወጣ እያየሁ ይሄን ቁጥር አስበዋለሁ።

ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይጣላሉ። ደግሞ ይሄ ሁሉ የሚሠራው ለሕመም ስሜት፣ ለማቅለሽለሽ፣ ለድካም፣ ለሆድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ወርዶ ወባ ይዞት የመጣን ሰው፣ የፈለገውን ያህል ሳቂታ ቢሆን፣ ተመርምሮ እውነተኛውን መድኃኒት ነው መውሰድ ያለበት።

የነገሩ ሌላኛው ጎንም አለ፣ ኖሲቦ የሚሉት፤ ያመኛል ብለህ ስትጠብቅ የሚያምህ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት "ይህ ክኒን ደስ የማይል ስሜት ያመጣል" ተብለው ባዶ ክኒን ከዋጡት ሰዎች ውስጥ ይበልጥ የተሰማቸው ጨለምተኞቹ ናቸው። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ደንበኛ አሉኝ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት እስከ መጨረሻዋ ጥቃቅን ፊደል ያነባሉ። ያነበቡት ሁሉ ይመጣባቸዋል። ማዞር የሚል ካለ ሸዋ በር ሳይደርሱ ያዞራቸዋል። ልዋሻቸው አልችልም፣ ወረቀቱንም አልነጥቃቸው። አሁን ግን ገና ሳይገልጡት "ጋሼ፣ አብዛኛው ሰው ይሄን ምንም ሳይሰማው ነው የሚጨርሰው፣ ደግሞ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት፣ የከበደዎት ነገር ካለ ይደውሉልኝ፣ አብሽሩ" እላቸዋለሁ። ወረቀቱን ያው ያነቡታል። ስልኩ ግን ከበፊቱ ያነሰ ነው የሚጮኸው፤ ሲደውሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ልጆቼ ነው።