2007 ግን የማን 2007?

አንድ የማውቀው ልጅ የጣቢያ የዝናብ ዳታ በሲኤስቪ (ቁጥሮቹ በኮማ ብቻ የተለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ላከልኝና ከሳተላይቱ ጋር አስተያይልኝ አለኝ። ዓምዱ «ዓመት» ይላል፣ ስሩ 2007 አለ፣ እኔም ሳላስብ ከሳተላይቱ 2007 ጋር አገጣጠምኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ግራፍ ላይ ተጥጄ ያ ድርቅ የት ገባ ስል፣ ለካ የሱ 2007 የኛው 2007 ነው፣ ክረምቱ በፈረንጅ 2015 ላይ ነው የሚውለው፣ የኤልኒኖው ዓመት። በዛ ላይ ዳታ የሌለበት ቀን -9999 ተሞልቶበት የሐምሌ አማካይ ከዜሮ በታች ወጣልኝ፣ ዝናቡ ወደ ሰማይ የዘነበ ይመስል።

ለዚህ ነው ኔትሲዲኤፍ የሚባለውን የአየር ንብረት ዳታ ፋይል ዓይነት የምወደው፣ ፋይሉ መታወቂያውን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ለምሳሌ ከ1981 ጀምሮ ያለውን ቺርፕስ የሚባል የሳተላይት ዝናብ ዳታ አውርዱና ተርሚናል ላይ ኤንሲደምፕ ሰረዝ ኤች (ncdump -h) በሉት፣ ቁጥሩን ሳይዘረግፍባችሁ ሄደሩን፣ ማለትም የፋይሉን መግለጫ ብቻ ያሳያችኋል፦ መለኪያው ሚሊሜትር በቀን፣ ጊዜው ከጃንዋሪ 1 1980 ጀምሮ የተቆጠረ ቀን፣ የጎደለው -9999። ይሄን ሳያዩ መቀጠል አደጋ ነው፣ ኢአርኤ5 የሚባለው ሌላ የአየር ንብረት ዳታ ዝናብን በሜትር ነው የሚሰጠው፣ አንድ ሺህ እጥፍ ትስታላችሁ። ሄደሩ ውስጥ ካላንደር የሚል አትሪቢዩትም (የመግለጫ መስመር) አለ፣ አንዳንድ የክላይሜት ሞዴል ላይ 360 ቀን ይላል፣ 12 ወር እያንዳንዱ 30 ቀን፣ መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ፣ የኛው ካላንደር ጳጉሜን ሲቀነስ እኮ ነው። በርግጥ አትሪቢዩቱን ሰው ካልሞላው ፋይሉ ከየት ያመጣል፣ ባዶውን የሚልክ ሞልቷል።

ከዛ ሲዲኦ፣ ሀምቡርግ ያለው የማክስ ፕላንክ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሰራው፣ እነዚህን ፋይሎች በትእዛዝ የሚቆርጥና የሚያሰላ ቱል። ከ33 እስከ 48 ሎንጊቲውድ፣ ከ3 እስከ 15 ላቲቲውድ ኢትዮጵያን ቁረጥልኝ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ምረጥ፣ በዓመት ደምር፣ ይሄ ሁሉ በአንድ መስመር፣ ፓይተን እንኳን ሳይከፈት። ትእዛዞቹ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሰሩት፣ ይሄን ሳላውቅ ስንቴ ተናድጃለሁ።

በጣም የምወድለት ደግሞ የሰጠሁትን ትእዛዝ እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ሂስትሪ የሚለው ቦታ ላይ ከነቀኑ ይጽፈዋል። ከወራት በኋላ ይሄ «ፋይናል2» ያልኩት ምን ነበር ስል ሄደሩን ከፍቼ አያለሁ፣ ሲኤስቪ ላይ ግን ጠይቅ ቢሉኝ ማንን ልጠይቅ?

ልጁን በኔትሲዲኤፍ ላክልኝ ስለው የምችለው ኤክሴል ነው አለኝ። እሺ፣ በቃ ዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. ብለህ ጻፍበት አልኩት።