«የሚካኤል ለት ነዋ»

ነሐሴ 12፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ ባሕር ዳር ያለ አንድ ክሊኒክ ደጃፍ ባጃጅ ቆመ። ከሐይቁ ዳር መንደር የመጡ የ74 ዓመት እናት ናቸው። ልጃቸው አቅፎ አወረዳቸውና አልጋ ላይ አስቀመጣቸው።

«እማዬ ትረሳለች። ድስት ጥዳ ትሄዳለች፣ የነገርኳትን መልሳ ትጠይቃለች» አለ።

ነርሱ የማስታወስ መመርመሪያ ቅጹን አወጣ። «እማማ፣ ዛሬ ስንት ቀን ነው?»

«የሚካኤል ለት ነዋ።»

ነርሱ ዜሮ ጻፈ። ወር በገባ በ12 ሚካኤል መሆኑን የማያውቅ ባገሩ የለም፤ ቅጹ ግን ቁጥር ይፈልጋል። ፊደል ስላልቆጠሩ የመጻፉም ጥያቄ ዜሮ ሆነ። ፍልሰታ ነውና ከማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሱም፤ ይህን የጠየቀ የለም። ካርዱ ላይ «የመርሳት በሽታ» ተብሎ ተጻፈ፣ ለእንቅልፍ እጦታቸው 25 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ታዘዘ።

በሁለተኛው ሳምንት ወድቀው፣ ክንዳቸው ተጋግጦ ተመለሱ። መድኃኒቱ አሴቲልኮሊን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ያፍናል፤ በአረጋውያን ላይ ግራ መጋባት፣ የሆድ ድርቀትና መውደቅ ያመጣል። ለሚረሳ ሰው ከማይሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

የዚያን ቀን ተረኛ የነበረችው ሐኪም ቅጹን ትታ «እማማ፣ እስቲ ወዲህ ይራመዱልኝ» አለች። ኮሪደሩ ላይ 4 ሜትር ተለክቶ በፕላስተር ምልክት ተደረገ፤ ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ሜትር ተተወ፣ አለዚያ መነሻውና መቆሚያው አብሮ ይቆጠራል። 9 ሰከንድ ፈጀባቸው፤ በሰከንድ 0.44 ሜትር መሆኑ ነው። ከ0.8 በታች ሲሆን ያሳስባል። መሀል ላይ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ስትጠይቃቸው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ስሞቹን ጠርተው ሲጨርሱ ነው እግራቸው የተንቀሳቀሰው። መራመድ ትኩረት የሚሻ የአንጎል ሥራ ነው፤ ሁለቱን ባንዴ ማስኬድ ያቃተው አንጎል አንዱን ይጥላል።

ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ 5 ጊዜ መነሣት ከ15 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ሦስተኛው ላይ አቃታቸው። ያምናው ካርድ 52 ኪሎ ይላል፤ ሚዛኑ 46። ሳይታሰብ በዓመት 5 በመቶ መቀነስ ምልክት ነው፣ እሳቸው ከ11 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። ሁለት ዙር የነበረው መቀነት ሦስት ዞሮም ይተርፋል። ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ የጡንቻ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ ማነስ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ አቅም ከድቷል ማለት ነው።

አቅም መክዳትና መርሳት ይመጋገባሉ። የሚረሳ ሰው ምግብ ይዘላል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው ከቤተ ክርስቲያንና ከጎረቤት ቡና ይቀራል፣ አንጎሉ ሥራ ይፈታል። የቆየ የደም ግፊት ደግሞ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች እየጎዳ ሁለቱንም ያባብሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ገና ወደ ሙሉ የመርሳት በሽታ ላልደረሱበት ሁኔታ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ለብቻው መለያ አውጥቶለታል። መለያው የሚጠቅመው ከፊሉ ሊመለስ ስለሚችል ነው።

አሚትሪፕቲሊኑ ቆመ። ግፊታቸው ተኝተው 138 የነበረው ሲቆሙ 112 ሆነ፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ 20 ከወረደ የመውደቅ ምክንያት ነውና የግፊት ኪኒናቸው ተስተካከለ። ጆሯቸውን የደፈነው ኩክ ተጠረገ (ግማሹን ጥያቄ አልሰሙትም ነበር)። ስኳር፣ ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 ተመረመረ። በቀን ከ46 እስከ 55 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ እንቁላልና ወተት፣ በጾም ሽሮና ምስር በዛ ተደርጎ፤ ስለ ጾሙ ልክ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመከረ። ጧትና ማታ ደግሞ ከወንበር መነሣት፣ መጀመሪያ መደገፊያ ይዘው።

በ3ኛው ወር 4 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ሄዱ። «ታንኳ፣ ጤፍ፣ ደወል» ተብለው ቆይተው ሲጠየቁ ሁለቱን አስታወሱ። ድስቱን አሁንም አልፎ አልፎ ይረሱታል። ነርሱ ግን ከባጃጅ የሚወርድ አረጋዊ ሲያይ «ይተዋቸው፣ በራሳቸው ይምጡ» ይልና፣ እጁን ለመደገፍ አዘጋጅቶ ከጎን እየሄደ ሰዓቱን ያያል።